ምልመላ፤ ወይም ኮምፒዩተር ቼዝ ሲጫወት ምን ይተዋል?

መለመለ የሚለው ግሥ በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። ገበሬው ዛፉን መለመለ ሲባል የማይፈለገውን ቅርንጫፍ እየቈረጠ ጣለ ማለት ነው፤ ሹሙ ወታደር መለመለ ሲባል ደግሞ ከብዙ ሰዎች መካከል የሚፈልገውን መርጦ ያዘ ማለት ነው። አንደኛው መጣል ነው፤ ሁለተኛው መያዝ ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን ይረዳል፤ የሚይዘውን የመረጠ ሰው የሚጥለውንም በዚያው ሰዓት መርጧልና። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ስለ ምልመላ ነው። ምሳሌ አድርገን የምንይዘውም ቼዝ የሚጫወቱትን የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ታላላቅ ተጫዋቾችን ለማሸነፍ የበቁት ብዙ በማየታቸው ብቻ አይደለም፤ ማየት የማይገባቸውን በመተዋቸው ጭምር ነው።

ቼዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን በመስመርና በዓምድ የተከፈለውን የሒሳብና የስም ዝርዝር የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር በዘመኑ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ደግሞ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱት እንደ ነበር ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሰፊ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ስለዚህ ስለ ቼዝ ስንናገር ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ እንደምናወራ አይቈጠርብን።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ጨዋታው መካከል ላይ ሲደርስ ባለ ተራው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው እርምጃዎች በመካከለኛ ግምት 35 ያህል ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ባላጋራው 35 መልስ አለው፤ ለእያንዳንዱም መልስ 35 የመልስ መልስ አለ። እንዲህ እያለ ከአንድ ግንድ 35 ቅርንጫፍ፣ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍም 35 ጭራሮ እየበቀለ ይሄዳል። ሁለቱ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያነሡ፥ ማለት አራት እርምጃ ወደ ፊት ቢታሰብ፥ የቅርንጫፎቹ ጫፍ 1,500,625 ይደርሳል። ስድስት እርምጃ ከታየ ደግሞ ቍጥሩ 1,838,265,625 ይሆናል። አሜሪካዊው ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፥ ሊደረጉ የሚችሉት ጨዋታዎች በጠቅላላው ስንት እንደሚሆኑ ሲገምት፥ ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ የሚጻፍበት ቍጥር ላይ ደርሷል። ይህን ሁሉ ቈጥሮ የሚጨርስ መኪና አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ሙሉ ሒሳብ ሆኖ ይገኛል።

ሻነን በዚያው ጽሑፉ ሁለት መንገዶችን ለይቶ አሳየ። የመጀመሪያው መንገድ የተወሰነ ርቀት ድረስ ማናቸውንም እርምጃ ሳይተዉ መመርመር ነው። ሁለተኛው ግን ተስፋ ያላቸውን ጥቂት እርምጃዎች ብቻ መርጦ ሌሎቹን ሳያዩ መጣል ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በሎስ አላሞስ የተሠራው ፕሮግራም የመጀመሪያውን መንገድ ተከተለ። የመኪናው ዐቅም ትንሽ ስለ ነበረ ገበታውን ወደ 36 ቤት አሳንሰው፥ ከጠጠሮቹም አንዱን ዐይነት አስወጥተው፥ አራት እርምጃ ወደ ፊት ለማየት 12 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። አሌክስ በርንስታይን የተባለው ሰው ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. በአይ.ቢ.ኤም. 704 ላይ በሠራው ፕሮግራም ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። የእርሱ መኪና ሙሉውን ገበታ ይዞ ይጫወታል፤ ነገር ግን በየተራው የሚሻሉ የመሰሉትን ሰባት እርምጃዎች ብቻ ይመርጣል። ሰባት ጊዜ ሰባት፥ እንደ ገና ሰባት ጊዜ ሰባት ሲባዛ በአራት እርምጃ ርቀት 2,401 ጫፍ ብቻ ይቀራል። ይህ በእውነት ታላቅ ቍጠባ ነው። ነገር ግን ስምንተኛው እርምጃስ? ያሸንፍ የነበረው እርምጃ ስምንተኛው ቢሆንስ? መኪናው ስለማያየው መኖሩንም አያውቅም።

በርንስታይን ፕሮግራሙን ገና በመሥራት ላይ ሳለ፥ በ1956 እ.ኤ.አ. በዳርትመዝ በተደረገው የሊቃውንት ስብሰባ ላይ ዐሳቡን ገልጾ ነበር። በዚያ የነበረው ጆን ማካርቲ፥ ምንም ሳይጎድል ብዙውን ቅርንጫፍ ለመቍረጥ የሚቻልበት መንገድ እንዳለ ነገረው። በርንስታይን ግን አልተቀበለውም። ያ መንገድ በኋላ በሁለቱ የግሪክ ፊደላት ስም አልፋ ቤታ ተብሎ የታወቀው ነው። ነገሩ ሲሰሙት የተወሳሰበ ይመስላል፤ ሆኖም ከምዕራብ ጎንደር ቈላ አንድ ምሳሌ ብንወስድ በቀላሉ እንረዳዋለን።

ገንዳ ውሃ ላይ ሰሊጥ ያመረተ አንድ ገበሬ አለ እንበል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው፤ ፍሬው ደርሶ ሲደርቅ አፉን ከፍቶ ይረግፋልና ገበሬው አጫጆቹን የሚከፍልበት ገንዘብ ቶሎ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁለት ነጋዴዎች ሁለት ውል አቀረቡለት። እያንዳንዱ ውል ሦስት አንቀጽ አለው፤ በየአንቀጹም ለኩንታሉ የሚከፈል ልዩ ልዩ ዋጋ ተጽፏል። ገበሬው ውሉን ይመርጣል፤ ከውሉ ውስጥ የትኛው አንቀጽ እንደሚሠራ የሚመርጠው ግን ነጋዴው ነው። ነጋዴውም ለራሱ የሚያዋጣውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። ቼዝም እንዲሁ ነው፤ እርምጃውን እኔ እመርጣለሁ፥ መልሱን ግን ባላጋራዬ ይመርጣል።

ገበሬው የመጀመሪያውን ውል ሲያነብ 9,500፣ 9,000፣ 9,800 ብር የሚሉ አንቀጾች አገኘ። ነጋዴው 9,000 የሚለውን እንደሚመርጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ይህ ውል የ9,000 ብር ውል ነው። ከዚያም ሁለተኛውን ውል ገለጠ፤ የመጀመሪያው አንቀጽ 8,500 ይላል። እዚህ ላይ ማንበቡን ሊያቆም ይችላል። የሚቀጥለው አንቀጽ 20,000 ብር ቢል እንኳ ለገበሬው ምንም አይጠቅመውም፤ መራጩ ነጋዴው ስለ ሆነ 8,500 ወይም ከዚያ የሚያንሰውን ይይዛልና። ሁለተኛው ውል ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ በእጅ ካለው የማይሻል መሆኑን ማወቅ ብቻ ይበቃል። አንድን ዐሳብ ለመጣል አንድ ፈጽሞ የማይመለስ ማፍረሻ በቂ ነው፤ ዐሥር ማፍረሻ መፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው። አልፋ የሚባለው እኔ እስካሁን በእጄ ያረጋገጥሁት ወሰን ነው፤ ቤታ ደግሞ ባላጋራዬ ለራሱ ያረጋገጠው ወሰን ነው። በእነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ሊገባ የማይችል ቅርንጫፍ ሁሉ ሳይታይ ይመለመላል።

ይህ መቍረጥ ግምት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ዛፉን ሙሉ በሙሉ የመረመረ መኪናና በዚህ ደንብ የመለመለው መኪና ለጨዋታው የሚያወጡት ዋጋ አንድ ነው። ዶናልድ ክኑዝና ሮናልድ ሙር በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፥ እርምጃዎቹ በመልካም ተራ ቢቀርቡ፥ 1,500,625 ጫፍ ካለው ዛፋችን ላይ መታየት የሚያስፈልጋቸው 2,449 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ይህን ቍጥር ከበርንስታይን 2,401 ጋር አስተያዩት። ድካማቸው ሊተካከል ምንም ያህል አልቀረውም። ነገር ግን አንዱ የጣለውን በማስረጃ ጥሏል፤ ሁለተኛው የጣለውን በመምሰል ጥሏል። ሁለቱም ቈራጮች ናቸው፤ የቍርጣቸው ዐይነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በመልካም ተራ ቢቀርቡ ያልነው ቃል ቀላል አይደለም። ገበሬው ሁለተኛውን ውል ቀድሞ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም አንቀጾች ማንበብ ግድ ይሆንበት ነበር፤ የመጀመሪያውም ውል የሚሻል ስለ ሆነ ሦስቱንም ደግሞ ያነብ ነበር። አራት አንቀጽ ይበቃ የነበረው ስድስት በሆነበት ነበር። ስለዚህ የቼዝ ፕሮግራም ሠሪዎች ከድካማቸው ብዙውን ያዋሉት፥ ማን ቀድሞ ይታይ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጠጠር የሚማረክበትን እርምጃ ያስቀድማሉ፤ በአጠገቡ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አንድን ዐሳብ ያፈረሰውን መልስ በዚህኛውም ላይ በመጀመሪያ ይሞክሩታል። ከዚህም ሌላ መኪናው አስቀድሞ የመረመራቸውን አቀማመጦች የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው፤ ያው አቀማመጥ በሌላ መንገድ ዞሮ ሲመጣበት እንደ ገና አይደክምም፤ መዝገቡን ገልጦ ያያል። መዝገብ ቤቱ የተስተካከለ መሥሪያ ቤት ሥራው እንደሚፋጠን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በማስረጃ መቍረጥ ብቻ ግን አልበቃም። በግንቦት ወር 1989 ዓ.ም. ጋሪ ካስፓሮቭን 3 ነጥብ ተኩል ለ2 ነጥብ ተኩል ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. መኪና በአንድ ሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር። ይህ መኪና እንኳ ምንም ሳይመለምል ስምንት እርምጃ ወደ ፊት ልይ ቢል ለአንዲት እርምጃ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበት ነበር፤ በውድድር ላይ ደግሞ የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ የሚቈጠር ነው። በአልፋ ቤታ በሚገባ ከመለመለ ግን ያን ያህሉን አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ቢሆንም ተጫዋች ሁሉ ከዚያም አርቆ ለማየት ይመኛልና ፕሮግራም ሠሪዎቹ በግምት ወደሚቈረጥበት መንገድ እንደ ገና ተመለሱ፤ አሁን ግን በጥንቃቄ ነበር።

ከነዚህ ጥንቃቄ ካላቸው መንገዶች አንዱ ተራን መልቀቅ ነው። መኪናው፥ እኔ ተራዬን ብለቅና ባላጋራዬ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ቢያነሣ ምን ይደርስብኛል? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይህን ያህል ችሮታ ሰጥቶ እንኳ ያለበት ሁኔታ ከሚፈለገው በላይ መልካም ከሆነ፥ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ነገር ግን በቼዝ ውስጥ መንቀሳቀስ ራሱ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ተጫዋቹ ምነው ባላነሣሁ እያለ፥ ደንቡ ስለሚያስገድደው ብቻ ያነሣና ይሸነፋል። በዚህ ጊዜ ተራን መልቀቅ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ስጦታ ይሆናል፤ የመኪናውም ግምት ይገለበጣል። ስለዚህ በገበታው ላይ ንጉሥና ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ ፕሮግራሞቹ ይህን ደንብ መጠቀም ይተዋሉ። አንድን አቋራጭ የሚያውቅ ሰው፥ አቋራጩ ገደል የሚሆንበትንም ወራት ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ ለስምንተኛው እርምጃ ፍርድ የሰጠ ነው። ዛሬ ብርቱ የሆኑት ፕሮግራሞች በተራቸው ኋላ የቀሩትን እርምጃዎች ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይጥሏቸውም፤ በአጭሩ ያዩዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር እርምጃ ርቀት ድረስ የሚመረምር መኪና ኋለኞቹን ስድስት ወይም ሰባት ያህል ብቻ ይመረምራል። ነገር ግን በአጭሩ ሲታይ ያልተጠበቀ በጎ ነገር ያሳየ እርምጃ ቢገኝ፥ መኪናው ወደ ኋላ ተመልሶ በሙሉ ርቀት እንደ ገና ይመረምረዋል። አጭር ፍርድ ነው፤ ይግባኝ ግን አለው።

ከዚህም ሌላ መቍረጥ ፈጽሞ የማይገባበት ቦታ አለ። ከገንዳ ውሃ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወስደው መንገድ የሚያደርሰው ወደ መተማ ዮሐንስ ነው። በመጋቢት ወር መጀመሪያ 1881 ዓ.ም. በዚያ ምድር የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊትና የመሐዲስቶች ሠራዊት ተዋጉ። የኢትዮጵያ ሠራዊት የጠላትን አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ሒሳቡን ዘግቶ የጻፈ ሰው ድል ብሎ በጻፈ ነበር። ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜም ሠራዊቱ ተበተነ፤ የተያዘው ድል ከእጅ ወጣ። የቼዝ መኪና ሠሪዎችም ይህን የመሰለ ነገር ስለሚያውቁ፥ ጠጠር በመማረክና በመመላለስ ላይ ሳለ መቍጠር እንዳይቆም ደንግገዋል። የተወሰነው ርቀት ቢያልቅ እንኳ መኪናው የመማረኩ ግብግብ እስኪረጋጋ ድረስ ያንን ቅርንጫፍ ይከተላል። ፀጥ ያለ ነገር ባለበት ይመዘናል፤ የሚነድ ነገር ግን እስኪበርድ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሰንጠረዥ ብንመለስ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት እናገኛለን። የአባቶቻችን ጨዋታ ከዛሬው ቼዝ ከሚለይባቸው ነገሮች ሁለቱን እንመልከት። አንደኛ፥ ጨዋታው ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያነሣሉ። የአልፋ ቤታ ዛፍ ደግሞ አንድ እኔ፥ አንድ አንተ በሚል ተራ ላይ የቆመ ስለ ሆነ በወረራው ጊዜ የሚይዘው የለውም። ሁለተኛ፥ ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም። ንጉሡን በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፥ በወታደር መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር። የተሸነፈው ብቻ ሳይሆን ያሸነፈውም እንዴት እንዳሸነፈ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ማሸነፍ 1፥ መሸነፍ 0 ነው ተብሎ የተነገረውን መኪና በዚህ ጨዋታ ላይ እናስቀምጠው። መኪናው በግንብ የሚያሸንፍበትን መንገድ እንዳገኘ የቀሩትን ቅርንጫፎች ሁሉ ይቈርጣል፤ ከአንድ የሚበልጥ ዋጋ የለምና። ከቈረጣቸው መካከል ግን ወታደሩ ንጉሡን የሚይዝበት፥ ተመልካቹ ሁሉ የሚያደንቀው ቅርንጫፍ ይገኝ ይሆናል። መኪናው በሒሳቡ አልተሳሳተም፤ በማስረጃ ነው የቈረጠው። የጎደለው ሚዛኑ ነው። ምንም ሳይጎድል ይቈርጣል የተባለው ደንብ ራሱ፥ ምንም የማይጎድለው በተሰጠው ሚዛን ለሚመዘነው ነገር ብቻ ነው። በሚዛኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ድምፅ አያሰማም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ነገር ከጨዋታ ገበታ ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛችሁ እንደሚደርስ ሳትገነዘቡት አልቀራችሁም። በየቀኑ ማመልከቻ ይቀርብላችኋል፤ ጊዜያችሁም እንደ ቼዝ ተጫዋች ጊዜ የተቈጠረ ነው። የጨረታ ሰነድ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ ቢገባ በዚያች በአንዲት ምክንያት መጣል ይበቃል፤ ውስጡን መመርመር አያስፈልግም። ይህ በማስረጃ መቍረጥ ነው። ጽሕፈቱ አያምርም፥ አመልካቹም የሚያውቀው ሰው የለም ብሎ ማኅደሩን ከሥር ማድረግ ግን እንደ በርንስታይን መኪና ስምንተኛውን ሳያዩ መጣል ነው። ያ ስምንተኛ ማኅደር ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ በአውቶቡስ ጎንደር የደረሰ የአንድ ገበሬ ጕዳይ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ውሳኔው ለምን እንደ ከፋበት ቢጠይቅ መልስ ይሰጠው ይሆናል፤ ማኅደሩ ያልተከፈተበት ሰው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ጊዜ ካጠረ ለእርሱም ከይግባኙ ጋር አጭር ምርመራ ይደረግለት፤ መኪና እንኳ ይህን ማድረግ ተምሯል።

ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የስም ዝርዝር እየመለመለ ለሹም የሚያቀርብበት ዘመን ነው። የተመለመለውን ዝርዝር የሚቀበል ሹም በፊቱ የቀረቡትን ስሞች ብቻ አይመልከት፤ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከዝርዝሩ የወጡት የወጡት በማስረጃ ነው ወይስ በግምት? በግምት ከሆነ ግምቱ የሚገለበጥበት ወራት ታውቋል ወይ? የተመዘኑበትስ ሚዛን በወታደር የሚገኘውን ድል ይመዝናል ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የመኪናው ባለሙያ ሊመልሳቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን የሹሙ የራሱ ነው፤ ሚዛኑን ለመኪናው የሚሰጠው እርሱ ነውና።